በሽታ የለብሽም የተባለችው ተከራይዬ

እዚህ ወረታ ውስጥ ስለ ትዕግሥት የሚወራው ብዙ ነው። አብዳ ነው የሄደችው የሚሉ አሉ። ሰርቃ ተባረረች የሚሉም አልጠፉም። ባለፈው የገበያ ቀን ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ለጓደኛዋ፣ «ያች የሩዝ ፋብሪካዋ ሥራ አስኪያጅ እኮ መተት አድርገውባት ነው፤ ያን የመሰለ ደሞዝ በጤናው ጥሎ የሚሄድ ሰው የት አለ?» ስትል ሰማኋት። ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ አላስቻለኝም።

«ልጅቱ እኔ ግቢ ነበር የምትኖረው። ማንም ምንም አላደረገባትም» አልኳት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ታዲያ ምን ሆና ነው?» አለችኝ።

ምን እንደሆነች ገበያ መሀል ቆሞ የሚነገር አይደለም። ሽንኩርቴን ይዤ ተመለስኩ። እቤቴ ከገባሁም በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ከእናቷ ቀጥሎ የልጅቱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ፤ እኔ ካልተናገርኩላት መተት ተደርጎባት እንደሄደች ሊቀር ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ውዴ እባላለሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ግቢው ስለሰፋብኝ የፊተኛውን ቤት፣ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ የሚያየውን፣ አከራያለሁ። ፋብሪካው ሊከፈት ሲል አንድ ሰውዬ መጥቶ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ለሥራ አስኪያጃችን ነው» ብሎ ተከራየው። እኔ ሆዱ የገፋ ጎልማሳ ስጠብቅ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከነጭ መኪና ላይ ዱብ ያለችው ቀጭን፣ ጠይም፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ ያሰረች ልጅ ናት። እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የዝናብ ቦቲ አድርጋለች። ያኔ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ውሃ ውጦት ነበርና በበሩ በኩል አሻግራ አይታ፣

«እትየ፣ ይኼ አገር ነው ወይስ ሐይቅ?» አለችኝ።

«ለጊዜው ሐይቅ ነው። ከመስቀል በኋላ አገር ይሆናል» አልኳት።

ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንደ ልጅ፣ ሳትሰስት ነው የምትስቀው። ከዚያ በኋላ ያን ሳቅ ለብዙ ጊዜ አልሰማሁትም።

የነፋስ መውጫ ልጅ ናት። አባቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ለታናናሽ ወንድሞቿ እንደ አባት የቆመች ነበረች። የማሽን ምሕንድስና ተምራ አዲስ አበባ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ስትሠራ፣ በዚያው ጉብዝናዋ ታይቶ ነው እዚህ የተላከችው። ስሟን ማን እንዳወጣላት ብጠይቃት፣ «አያቴ ናት። ትዕግሥት ብላ ፈረደችብኝ። ሰው ሁሉ ሊጭንብኝ ሲፈልግ በስሜ ነው የሚለምነኝ» አለችኝ።

የደሞዟ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ነበር ወረታ የገባው። አንዱ ለሌላው ሲነግር እየጨመረበት እኔ ጆሮ ሲደርስ የሚታመን አልነበረም። ጎረቤቴ ይታይሽ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «አንች፣ ምን ጸሎት ብትጸልይ ነው እግዜር እንዲህ ያለ ተከራይ የሰጠሽ?» ትለኝ ነበር። ልጅ ያለው ሁሉ ልጁን ታስቀጥርለት ዘንድ በእኔ በኩል ይለምናል። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲቆጡ፣ «ያችን አታይም? አንችን የመሰለች ልጅ ናት እኮ!» ይላሉ። ትዕግሥት በመኪናዋ ስታልፍ ከመንገድ ዳር ሆነው እጅ የሚነሱ ሽማግሌዎች ሁሉ ነበሩ።

እኔ ግን የማየው ሌላ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት አበላሏን ነው። ቁማ ነው የምትበላ። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ጉርሻ ይዛ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ እየተመላለሰች። «ቁጭ ብለሽ ብዪ እንጂ ልጄ፣ ሆድሽ የት እንዳለሽ በምን ይወቅ?» ስላት ቁጭ ትላለች። ስልኩ ይጮሃል። ትነሣለች። ሽሮው እንደቀረበ ይቀዘቅዛል። ሁለት ስልክ ነበራት፤ አንደኛው ሲዘጋ ሌላው ይቀበላል። ከአዲስ አበባ ያሉት አለቆቿ ይቆጣሉ፣ ገዢዎች ይቆጣሉ፣ ማሽኑን የሸጡት ሰዎች ይቆጣሉ። እሷ ለሁሉም በአንድ ድምፅ፣ «እሺ፣ እሺ ጌታዬ፣ ይደርሳል» ትላለች። ስልኩን ስትዘጋ የታችኛውን ከንፈሯን በጥርሷ ትይዛለች። ጠባሳ እስኪያወጣ ድረስ ያዘችው።

ሁልጊዜ የምትለኝ አንድ ነገር ነበረች። «እትየ፣ ይችን ሳምንት ብቻ ልለፋት።» ጸበል እንሂድ ብላት፣ ይችን ሳምንት ልለፋት። እናትሽን ጠይቂያት፣ ይችን ሳምንት ልለፋት። ጸጉርሽን እንኳ ልሥራልሽ፣ ይችን ሳምንት ብቻ። ያች ሳምንት ታልፋለች፤ የባሰች ትመጣለች። ልጅቱ ከልቧ ነበር የምትለው። ከሳምንቱ ወዲያ ማዶ አንድ የተነጠፈ አልጋ የሚጠብቃት ይመስላት ነበር።

ከዚያ ደግሞ የመኪናው ነገር መጣ። ሾፌሩን ወደ ልጆቹ ቶሎ ትሸኘውና ማታ ማታ ራሷ እየነዳች ነው የምትመጣው። ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ መኪናዋ ግቢ ትገባለች፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ በሩ ግን አይከፈትም። እኔ መጀመሪያ ስልክ እያወራች መስሎኝ ነበር። ቀን በቀን ሲሆን ግራ ገባኝ። አንድ ቀን የልብስ ማስጫው ጋ ቆሜ በደንብ አየኋት። ስልክ አልያዘችም። ሁለት እጇን መሪው ላይ ጭና ፊት ለፊቷ ያለውን የጭቃ ግድግዳ ታያለች። እኔ ልብሱን አውርጄ፣ አጥፌ፣ አስገብቼ ስመለስም እንደዚያው ናት።

ሄጄ መስታወቱን አንኳኳሁ። ደንግጣ ዝቅ አደረገችው።

«ምን ሆነሽ ነው የማትወርጂው?»

«ምንም እትየ። ልወርድ ነው።»

«አሞሻል?»

«ፋብሪካ ስሆን ይጠሩኛል። ቤት ስገባ ይደውሉልኛል። እዚህ መኪናው ውስጥ ስሆን ግን ፋብሪካም አይደለሁም፣ ቤትም አይደለሁም። ማንም አይጠራኝም» አለችና ልትስቅ ሞከረች። ሳቁ አልወጣም።

ምን ልበላት? እኛ ያደግነው «እንጀራ ያለበት ቦታ ቻል» እየተባልን ነው። «እግዜር ያበርታሽ» ብዬ መስታወቱን እንድትዘጋው ተውኳት።

ኅዳር ላይ ያላሰብነው ዝናብ ጣለ። ፎገራን፣ ይኼን የእኛን የሩዝ አገር፣ የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሩዙ ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ግማሹም ተወቅቶ እያለ ነው ሰማይ የተቀደደው። ገበሬው የረጠበ ሩዙን በአህያ ጋሪ ጭኖ ፋብሪካው በር ላይ ተሰለፈ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ትእዛዝ መጣ፤ እርጥብ ሩዝ እንዳትቀበሉ፣ ለገዢ ቃል የተገባው ግን በቀኑ ይድረስ። ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት ታድርገው?

ከተሰለፉት አንዱ የባለቤቴ የአጎት ልጅ አያ ሙጬ ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው። ያዩትን ኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ትዕግሥት በሩ ላይ ወጥታ፣ «አባቶቼ፣ እርጥብ እንዳልቀበል ታዝዣለሁ» ስትል ሰው ጮኸባት። አንዱ ተሳደበ። አያ ሙጬ ግን ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ዝናቡን እኮ እኔ አልጠራሁትም» አሏት። ልጅቱ ዞር አለችና ዘበኛውን፣ «በሩን ክፈተው» አለችው። አዲሱን ባዶ መጋዘን አስከፈተች፣ ሸራ አስነጠፈች፣ ሩዙ በየባለቤቱ እየተለየ እዚያ ውስጥ ተሰጣ። ፀሐይ ሲወጣ ወደ ውጭ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ እየተባለ ሠራተኛው ሁሉ ሲሯሯጥ ሰነበተ። እሷም ያን ሰሞን እኔ ግቢ አላደረችም፤ ቢሮዋ ወንበር ላይ ነበር የምትተኛው። ከላይ ስልኩ ይደወላል። ማን ፈቀደልሽ ይሏታል። «እኔ ነኝ የፈቀድኩት፣ ከጠፋ እኔ እጠየቃለሁ» ትላለች።

ሩዙ ደረቀ። ለገዢውም በቀኑ ደረሰ። የገበሬው ልፋት ሜዳ ላይ አልቀረም።

እኔ አሁንስ ታርፋለች ብዬ ነበር። አለቆቿ ከአዲስ አበባ መጡ፤ ሲቆጧት የነበሩት ራሳቸው እያጨበጨቡ የምስክር ወረቀት ሰጧት፤ ደሞዝ ጨመሩላት፤ በዚያ ላይ የድርጅቱን ሌሎች ቅርንጫፎች ኃላፊነት ደረቡላት። ይታይሽ ወሬውን ሰምታ እልል እያለች ነው ግቢዬ የገባችው። ሌሎችም መጡ። ትዕግሥት መሀላቸው ቁማ እየተሳመች፣ አሜን አሜን እያለች፣ «መጣሁ» ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። ስትቆይብኝ ተከተልኳት። ከዘይቱኑ ሥር ጎንበስ ብላ ታስመልሳለች። ጀርባዋን ያዝኩላት። አጥንቷ በሸሚዟ ላይ ይቆጠር ነበር።

አፏን በውሃ ካጠበች በኋላ፣ «እትየ፣ ደህና አራሽ በሬ ምን ይሸለማል?» አለችኝ።

«ምን ይሸለማል?»

«ሌላ ማሳ።»

ይህን ብላ ፊቷን አደራረቀችና እንግዶቹ ጋ ተመለሰች።

ገና አልፎ ጥምቀት ሲቃረብ ማሽኑ አጠገብ ቁማ ሳለች ወደቀች። ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስገቧት። እኔም ተነግሮኝ ነጠላዬን አገልድሜ ሄድኩ። ከጤና ጣቢያው ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ ደሟን ወሰዱ፣ ልቧን አዩ፣ ጭንቅላቷን በማሽን አነሡ። ዶክተሩ ደግ ወጣት ነበር። ወረቀቶቹን አገላብጦ፣ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ምንም በሽታ የለብሽም። ትንሽ ዕረፍት አድርጊ» አላት።

እኔ «ተመስገን!» ብዬ ሳልጨርስ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሰው የሞተብን መስሏት አንዲት አስታማሚ ሴት መጥታ፣ «አይዟችሁ፣ እግዜር ያጥናችሁ» አለችን። እኔ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ ጤነኛ ነሽ ተብሎ የሚለቀስ ለቅሶ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ምነው ልጄ? ምስራች እኮ ነው የነገሩሽ!»

«እትየ፣ አንድ ነገር ቢገኝብኝ ብዬ ነበር» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትልቅ አይደለም። የማይገድል። የሚያስተኛ ብቻ። ሐኪም አዝዞላታል ብለው የሚተዉኝ።»

ሰው ሕመም የሚመኘው መቼ ነው? በሕመም በኩል ካልሆነ ሌላ መውጫ በር ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ ነው፣ «ቻል» የሚለው ምክር ከአፌ የጠፋው።

ዶክተሩ ጥቂት የዕረፍት ቀን ጽፎላት ነበር። እሷን ለዕረፍት እንሂድ ብላት እንቢ እንደምትል አውቃለሁ። ስለዚህ ጉልበቴን አመካኘሁ። ደግሞም ውሸት አይደለም፤ ጉልበቴ ያመኛል።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ልትወስጅኝ ነው» አልኳት።

«ይችን ሳምንት ልለፋትና እትየ…»

«ጉልበቴ ሳምንት አያውቅም። ተነሽ።»

ስለ እኔ ጉልበት ሲሆን ተነሣች። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች፤ ለራሷ የማታደርገውን ለሰው ታደርጋለች።

ወንዛዬ ስንደርስ ስልኳ መስመር አጣ። እንደ አበደች ወዲያ ወዲህ ብላ ኮረብታው ላይ ወጥታ ሞከረች፤ እንቢ አለ። መጨረሻ ከቦርሳዋ ሥር ከተተችው። ሣር የተነጠፈበት አንድ ጎጆ ተከራይተን ወደ ሴቶቹ መታጠቢያ ወረድን። እዚያ ሰው ሲገናኝ አገርሽ የት ነው ብሎ አይደለም የሚጠያየቀው፤ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብሎ ነው። እንፋሎቱ ውስጥ አንገታቸው ብቻ የሚታይ ሴቶች ተራ በተራ ሕመማቸውን ይናገራሉ። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ቆዳዋን፣ አንዷ ከወሊድ የቀረ ቁርጥማት። አንዲት እናኑ የምትባል ከደራ ወረዳ የመጣች ሴት፣ ወፍራምና ጨዋታ አዋቂ፣ ወደ ትዕግሥት ዞራ፣

«አንችስ የኔ ዓለም? ገና ለጋ ነሽ፣ ምንሽን ነው?» አለቻት።

ትዕግሥት ወደ እኔ አየች። ምን ብላ ትመልስ? ወረቀቱ ምንም የለብሽም ይላል።

«ድካም ነው» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ማፈር ብላ።

ይሥቁብኛል ብላ ነበር። እናኑ ግን፣ «ውይ! እሱማ ክፉ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ ወዲህ፣ ከምንጩ ሥር ሁኚ። ለድካም እዚህ ነው የሚሻል።» ሌሎቹም ተጠጋጉላት። አንዷ ውሃውን በእጇ እየዘገነች ትከሻዋ ላይ ታፈስላት ጀመር። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። እንፋሎት ነው ወይስ እንባ፣ ፊቷ ላይ የሚወርደውን እንጃ።

ከዚያ ወደ ጎጆው ገብታ ተኛች። እኔ እሷን ያህል የሚተኛ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምሳ ብቀሰቅሳት አልሰማችም። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለቴ ትንፋሽ እንዳላት ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጫለሁ። ስትነቃ ሣሩ ጉንጯ ላይ ታትሞ፣ ጸጉሯ ተንጨባሮ፣ «ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝና ወዲያው፣ «ተውት እትየ፣ አይንገሩኝ» አለች።

አመሻሹን ጉማራ ወንዝ ዳር ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እግሯን ውሃው ውስጥ ከታ፣ «ብተወው ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«እነማን?»

«ሰው። አለቆቼ። ከሁሉ እማዬ። እማዬ እኮ ነፋስ መውጫ ላይ ቀና ብላ የምትሄደው በእኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትስም ሴቶቹ ቦታ የሚለቁላት የእኔ እናት ስለሆነች ነው። ወንድሞቼ ገና ትምህርት ላይ ናቸው። ምን ብዬ እነግራታለሁ? ደከመኝ ብዬ? እሷ እኮ እኛን ያሳደገችው እንጨት ተሸክማ ነው። እሷ ደከመኝ ብላ ታውቃለች?»

እናቷን አላውቃትም። የእኔም ልጅ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እሱ እንዲህ ቢለኝ ምን እል ነበር እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ጥጃዎች ወንዙን ተሻግረው ወደ ቤታቸው ሲገቡ አየን።

ወረታ በተመለስን በነጋታው በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ አዲስ አበባ ደወለች። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር፤ የእሷን ብቻ ሳይሆን የሰውዬውንም ድምፅ እሰማለሁ፤ ሲናገር የሚጮህ ሰው ነበር። ለቅቄያለሁ አለችው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ተቆጣ። ከዚያ ደግሞ እንጨምርልሽ አላት።

«አይ ጌታዬ፣ ብር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ደክሞኛል።»

«እንግዲያው ዕረፍት ውሰጂ! አንድ ወር ውሰጂ!»

«ዕረፍቱ ሲያልቅ የምመለሰው ወዴት ነው?»

ይህን ያህል በጀግንነት የተናገረች ልጅ ለእናቷ ለመደወል እስከ ከሰዓት ድረስ ግቢውን ስትዞር ዋለች። በመጨረሻ ደወለች። «እማዬ… ሥራውን ለቅቄያለሁ… አዎ፣ በፈቃዴ… አይ፣ አላባረሩኝም… በቃ አልቻልኩም እማዬ።» ከዚያ አንድ ሁለት ጊዜ «ሄሎ? ሄሎ?» አለችና ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው።

«ዘጋችው» አለችኝ። ብትደውል፣ ብትደውል አይነሣም። ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔም ከወንዛዬ ያመጣነው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲፈስ ታየኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በፊት በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው አንዲት አጭር፣ ፊቷ በብርድ አገር ፀሐይ የከሰለ ሴት፣ ጋቢ ደርባ፣ በአንድ እጇ የማር ቅል፣ በጀርባዋ የበሶ ከረጢት ይዛ ቁማለች። ላቧ ይንቆረቆራል። «አቤት ሙቀታችሁ! የትዕግሥት ቤት ይኼ ነው?» አለችኝ።

ትዕግሥት ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። ከደጃፉ ላይ ደርቃ ቀረች። እናቲቱ ጓዟን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሄዳ ልጇን በሁለት እጇ ከትከሻዋ ያዘች፤ አንገቷ ሥር የወጣውን አጥንት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ምን አድርገውብኝ ነው?» አለች። «ምን አድርገውብኝ ነው ልጄን?»

«እማዬ፣ ትላንት ስልኩን ስትዘጊብኝ…»

«መሳፈር የለብኝም? አውቶቡሱ እኮ በጠዋት ነው የሚወጣው! በሶ ልፍጭ፣ ማር ልለምን ወይስ ከስልክ ጋራ ስሟገት ልደር?»

«የተቆጣሽ መስሎኝ… ደሞዙ እኮ እማዬ… እነ ወንድሜ…»

«ወንድሞችሽ እጅና እግር አላቸው። አንች ልጅ፣ እኔ የወለድኩት አንችን ነው ወይስ ደሞዝሽን?» አለች እናቲቱ። ከዚያ ቁጣዋ ተሰበረና ወደ እኔ ዞራ፣ እንደምታውቀኝ ሁሉ፣ «ለገና አንድ ሌሊት መጥታ አድራ ስትመለስ ጀርባዋን አይቼ ሳለቅስ ነው የሰነበትኩት እትየ። ተይው እንዳልላት ሥራዋን የማደናቅፍ መስሎኝ ፈራሁ። እሷ ትናገር ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

ሁለቱም አንዷ አንዷን እየጠበቁ ነበር ለካ።

ይታይሽም በአጥሩ ላይ ሆና ትሰማ ኖሮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትጠርግ አየኋት፤ ኋላ ግን እሷው ናት አበደች ብላ ያስወራች የሚሉ አሉ፤ እግዜር ይወቅ።

ሥራውን እንዲሁ ጥላ አልሄደችም። ተተኪዋ እስኪለምድ አብራው ሠራች። የመጨረሻዋ ቀን ላይ አያ ሙጬ አንድ ዶሮ በክንፉ ይዘው መጥተው፣ «ሩዜን ያደረቅሽልኝ ልጅ» ብለው መረቋት። ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ደግሞ ነጠላ ገዝተው አለበሷት።

ባንድ ቀን ዳነች ብል እዋሻለሁ። የእኔ ስልክ ሲጮህ ደንግጣ ብድግ የምትለው እሷ ነበረች። ለሳምንታት ጠዋት ጠዋት ትነሣና የምትሄድበት ስታጣ በረንዳው ላይ ግራ ገብቷት ትቆማለች። አንድ ቀን፣ «እትየ፣ ሰው ሥራ ሳይኖረው ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ዶሮ ያያል» አልኳት። ተቀምጣ ዶሮዎቼን አየች። ቀስ በቀስ ግን እጇ ራሱ ሥራ ፈለገ። የግቢዬን በር ማጠፊያ ሠራች። የይታይሽን የውሃ ፓምፕ ፈትታ ገጠመችው፤ ውሃው ድንገት ተፈናጥቆ ይታይሽን ከራስ ጸጉሯ እስከ እግሯ ሲያጥባት ያን ሳቅ ሰማሁት። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ። እናቷ ከኩሽና ውስጥ ሆና ሥራዋን አቁማ ስታዳምጥ አየኋት።

ፋሲካ አልፎ ደብረ ታቦር ካለ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ጥሪ መጣላት፤ ማሽን ጥገና ልታስተምር። ደሞዙ ከፊተኛው ጋር አይነጻጸርም። ሰው ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሷ ግን ጠዋት ገብታ ከሰዓት ትወጣለች፤ ደብረ ታቦር ደግሞ ብርድ ስለሆነ እንደ አገሯ ነው። ከእኔ ጋር በየጊዜው እንደዋወላለን። እኔም ልጄ ከአዲስ አበባ ሲደውልልኝ ስለ ደሞዝና ስለ ዕድገት መጠየቄን ትቻለሁ። «ምሳህን ቁጭ ብለህ በላህ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ይገባው ነበር። አንድ ቀን ግን፣ «አልበላሁም እማዬ» አለኝ፤ ከዚያ ብዙ አወራን። ይኼ የትዕግሥት ውለታ ነው።

የሄደች ዕለት፣ እናቷ ቀደም ብላ ወደ አገሯ ተመልሳ ስለነበር፣ እኔ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ጓዟ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው። የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ረዳቱ፣ «አንድ ሰው! አንድ ሰው! ተነሥቷል!» እያለ ይጮሃል። እሷ መንገዱ ማዶ አንዲት ሴት የደረደረችውን ሸንኮራ አገዳ አየችና ተሻግራ ሄደች። አንዱን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሣች፣ ከሴትዮዋ ጋር ትጫወታለች። እኔ ከወዲህ ሆኜ ነጠላዬን አውለበልባለሁ። ሚኒባሱ ሌላ ሰው አሳፈረና ጥሏት ሄደ።

«ሄደ እኮ!» አልኳት ስትመለስ።

«ይሂድ እትየ። ሌላ ይመጣል።»

ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችና አገዳውን በጥርሷ እየላጠች ትመጠምጥ ጀመር። ለእኔ ለጥርስ አልባዋም ለስለስ ያለውን ጫፍ ሰበረችልኝ። ሌላውም ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ ከበሩ ወርዶ፣ «ደብረ ታቦር ነሽ? ግቢ፣ ግቢ!» አላት። እጇ ላይ ያለውን አገዳ አየችው፤ ገና ግማሹ ነው። ለረዳቱም እለፍ ብላ በእጇ አሳየችው።